የተተከለ ኩላሊትና ሰፈሩ፦ የማኅበረሰብ ጤና በንቅለ ተከላ ውጤት ላይ ያለው ድርሻ፣ በአራዳ እና በፒያሳ

የአካል ንቅለ ተከላ ውጤት በሁለት ነገር ይለካል፦ ተቀባዩ ስንት ዓመት ኖረ፣ የተተከለው አካልስ ስንት ዓመት ሠራ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚወስኑት በአብዛኛው የቀዶ ሐኪሙ እጅ፣ የለጋሹና የተቀባዩ የደምና የሕብረ ሕዋስ መጣጣም፣ የሆስፒታሉ ንጽሕናና ላቦራቶሪው ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን የሚያልፉት ቤት ውስጥ ነው። ተቀባዩ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚተነፍሰው አየር፣ አብሮት የሚያድረው ሰው ጤና፣ ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ፣ ለክትትል የሚመላለስበት መንገድ ሁሉ በተተከለው አካል ዕድሜ ላይ ይቆጠራሉ። የሰፈሩ ጤና ለብቻው እየተለካ ከንቅለ ተከላ ውጤት ጋር የሚነጻጸረው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተከናወነው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሥልጠናና በሙያ ድጋፍ ተባባሪ ነበር። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ታማሚ ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ኩላሊቱን እያሳጠበ ይቆይ ወይም ሳይታከም ይቀር ነበር። ማዕከሉ ሥራውን የጀመረው በሕይወት ካለ ለጋሽ፣ ያውም ከዘመድ በሚገኝ ኩላሊት ነው። የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ግብዓት እጥረት፣ በኋላም የኮሮና ወረርሽኝ ሥራውን ያቋረጡበት ጊዜ ቢኖርም፣ በአገር ውስጥ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ከመቶ በላይ ሆነዋል። እነዚህ ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ የሚመለሱት ወደየሰፈራቸው ነው።

ሰፈር በውጤት ላይ ያለውን ድርሻ በሰፊው ካጠኑት መካከል አሜሪካውያን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ብዙ ሺህ የኩላሊት ተቀባዮችን እንደሚኖሩበት ወረዳ መድቦ ተመልክቷል። ወረዳዎቹ የተለኩት ያለዕድሜ በሚሞተው ሰው ብዛት፣ በሲጋራ አጫሹ፣ በውፍረት፣ የጤና መድን በሌለው ነዋሪና በመሰል መለኪያዎች ነበር። የተቀባዩ ዕድሜ፣ ዘርና የግል ሕመም በስሌት ከተስተካከሉ በኋላም ጤናው በተጓደለ ወረዳ የሚኖር ተቀባይ የመሞት አደጋው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ መንስኤውን በቁርጥ አያሳይም። ከአንድ ሆስፒታል፣ ከአንድ ዓይነት መድኃኒት ጋር የወጡ ሁለት ሰዎች እንደመኖሪያቸው የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው እንደሚችል ግን አሳይቷል።

የአሜሪካው ማስረጃ እንዳለ ተገልብጦ ለአዲስ አበባ አይሠራም። በዚያ አገር በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የሚታየው የኩላሊት ሕመም ብዛት በከፊል ኤፒኦኤል-ዋን በሚባል ዘረመል ላይ ባለ ልዩነት ይብራራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህ ልዩነት በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደማይገኝ፣ በኤችአይቪ ምክንያት የሚመጣው የኩላሊት ጉዳትም ከእነርሱ እንደራቀ አመልክቷል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ አንድ ኩላሊት ቶሎ ሲዳከም ምክንያቱን በዘር ላይ ለመጣል ከመቸኮል በፊት ቤቱን፣ ውሃውን፣ መድኃኒቱንና ክትትሉን መመርመር ይቀድማል።

ፒያሳን የያዘው አራዳ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች በስፋቱ ከትንንሾቹ አንዱ ነው፤ የቆዳ ስፋቱ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ቦታ ይኖር ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ገዳም ሰፈርና ባሻ ወልዴ ችሎት የተመሠረቱት ከተማዋ በፕላን ሳይሆን በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ በምታድግበት ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የሚከራዩትን ቤቶች ወደ መንግሥት አዛወረ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚያ መጣ። ኪራዩ ለድሃ እጅግ የሚቻል ነበር፣ ይህም ብዙ ቤተሰብ ከከተማዋ መሐል እንዳይገፋ አድርጓል። ጥገናውና ማስፋቱ ግን በዚያው ልክ አልተሄደበትም። ለአንድ ባልና ሚስት የተሠራ የጭቃ ክፍል የልጅ ልጅ ሲመጣበት ቆጥ ይሠራለታል፤ ማድቤቱና መጸዳጃው የግቢው ሁሉ የጋራ ይሆናል።

በእንዲህ ያለ ቤት ለንቅለ ተከላ ተቀባይ ከሁሉ የሚከብደው ሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የቲቢ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ መድቧታል። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ መስኮትና ረጅም ሌሊት ለመተላለፉ ይመቹታል። ጤነኛ ሰው ባክቴሪያውን በሰውነቱ አፍኖ ዕድሜ ልኩን ሊኖር ይችላል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይገፋ የመከላከል አቅሙ ሆን ተብሎ ስለሚዳከም፣ የተኛው ቲቢ ሊነሳበት ይችላል። በሕክምና ጽሑፎች እንደሚጠቀሰው የተቀባዮች በቲቢ የመያዝ ዕድል ከሌላው ሕዝብ ከ20 እስከ 70 እጥፍ ይደርሳል። ምልክቱም ያሳስታል፦ ሳል ላይኖር ይችላል፤ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የሆድ ወይም የአጥንት ሕመም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሳል የሌለበትን ታማሚ በቲቢ ያልጠረጠረ ባለሙያ ውድ ሳምንታት ያባክናል።

ሕክምናው ራሱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። የቲቢ መድኃኒት ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ታክሮሊመስን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርገዋል። ታክሮሊመስ ደግሞ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚጠብቀው ዋናው መድኃኒት ነው። ስለዚህ ቲቢውን ለማዳን የተጀመረው ሕክምና ኩላሊቱን ያለጠባቂ ሊያስቀረው ይችላል፤ የታክሮሊመሱ መጠን በብዙ እጥፍ እንዲጨመር ያስገድዳል፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት። ወጪው በመጨረሻ የሚያርፈው ከቤተሰቡ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ያልታከመ አንድ የሚያስል ሰው በመኖሩ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ከንቅለ ተከላው በፊት ለጋሹን፣ ተቀባዩንና አብረዋቸው የሚያድሩትን ሁሉ ለቲቢ መመርመር፣ የመከላከያ አይሶኒያዚድ መስጠትም ከቀዶ ሕክምናው ተነጥሎ የማይታይ ሥራ ነው። የጃንሜዳ ወይም የሌላ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ከንቅለ ተከላ ማዕከሉ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነጥብ ነው። አገሪቱ በኤችአይቪ ሕክምና ወቅት ያካበተችው የቲቢ መከላከያ ልምድ ለዚህ በቀጥታ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ውሃ አለ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው በቂ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሰውነቱ ሲደርቅ አዲሱ ኩላሊት ቀድሞ ይጎዳል። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በመጣበት ቀን በጀሪካን፣ በበርሜልና በሮቶ ይጠራቀማል። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ እንኳ ቀናት ባስቆጠረ ዕቃ ውስጥ ሊበከል ይችላል። የቆዩ ቧንቧዎች ከፍሳሽ መስመር አጠገብ ሲያልፉና ግፊቱ ሲወርድ ብክለቱ ቀድሞ ይጀምራል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባን መትቶ ነበር፤ በዚያው የበጀት ዓመት የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ገና ከሆስፒታል እየወጡ ነበር።

ለተቀባይ ተቅማጥ ተራ ሕመም አይደለም። አንጀቱ ሲቆጣ ታክሮሊመስን የሚያፈርሰው የአንጀት ግድግዳ ስለሚዳከም፣ መድኃኒቱ ወደ ደም በብዛት ይገባል። ታክሮሊመስ ከመጠን ሲያልፍ ኩላሊቱን ይመርዛል። ውሃ በማጣትና በመድኃኒት መብዛት በአንድ ጊዜ የተመታ ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ተቅማጡን በቤት ውስጥ «ያልፋል» ብሎ መቆየት፣ ወይም መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ፣ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ትክክለኛው እርምጃ በዚያው ቀን ማዕከሉን መጥራትና ደም መለካት ነው። ማይኮፌኖሌት የሚባለው ሁለተኛው መድኃኒት ራሱ ተቅማጥ ስለሚያመጣ፣ ሐኪሙ የውሃውን ጥፋት ከመድኃኒቱ መለየት ይጠበቅበታል። ከአፈር የሚገቡ ትላትሎች፣ በተለይ ስትሮንጂሎይድስ፣ የመከላከል አቅም ሲዳከም በሰውነት ውስጥ ተባዝተው ሕይወት ሊያጠፉ ይችላሉ፤ በመሆኑም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመርምረው ወይም በግምት ታክመው መጥፋት አለባቸው።

የጋራ መጸዳጃ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዘመቻ የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ የፖሊዮ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለያዘ፣ የተከተበ ሕፃን ለሳምንታት ከዓይነ ምድሩ ጋር ሊያወጣው ይችላል። ሕፃኑ ክትባቱን ሊነፈግ አይገባም፤ ተቀባዩ ግን የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ ባይቀይር፣ እጁንም በሳሙና ቢታጠብ ይበጀዋል። ለራሱ ለተቀባዩ ሕያው ክትባቶች አይሰጡም፤ ስለዚህ የሚያስፈልጉት ከንቅለ ተከላው በፊት መጠናቀቅ አለባቸው።

ምግብና እምነት በእነዚህ ሰፈሮች ያላቸው ቦታ ሰፊ ስለሆነ በጥንቃቄ መነሳት አለበት። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ለጤነኛ ሰው የተለመዱ ናቸው፤ ለተቀባይ ግን የቶክሶፕላዝማ፣ የብሩሴላና በላም ወተት የሚመጣ ቲቢ መንገድ ናቸው። በሠርግ፣ በልደትና በበዓል ከቁርጥ ሥጋ ራስን ማራቅ ማኅበራዊ ድፍረት ይጠይቃል፤ ጎረቤት ምክንያቱን ካወቀ ግን ያቀለዋል። ጾምን በተመለከተ ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መወሰድ እንዳለበት መታወቅ አለበት፤ በተለይ በረመዳን ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት ጊዜ የሐኪምና የሃይማኖት አባት ምክር አብሮ ይሂድ። ጸበል ለብዙ ታማሚ የተስፋ ምንጭ ነው። አደጋው መድኃኒቱን ትቶ ወደ ጸበል ሲኬድ ይመጣል። በኤችአይቪ ሕክምና ላይ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ ምእመናንን መምከራቸው ብዙ ሕይወት አትርፏል። ለንቅለ ተከላ ተቀባዮችም ይህ ምክር በግልጽ ቢሰማ ይጠቅማል።

አየርን በሚመለከት ማስረጃው ከሩቅ መጥቶ ለፒያሳ የሚስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከቤልጂየም ሉቨን የወጣ ጥናት ሳንባ ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል በዋና መንገድ አጠገብ የሚኖሩት ሥር በሰደደ የሳንባ መገፋት የመያዛቸውም የመሞታቸውም አደጋ እጥፍ ያህል እንደነበረ አሳየ። በአሜሪካ በኩላሊት ተቀባዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በአየር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ብናኞች ሲበዙ ሞት ከፍ እንደሚል አመልክተዋል። በኢትዮጵያ የሳንባ ንቅለ ተከላ የለም። ቢሆንም አሮጌ ናፍጣ መኪና የሚያጥኑት የቸርችል መንገድና የአራት ኪሎ አካባቢ፣ ከዚያም በላይ መስኮት በሌለው ክፍል የሚነድ ከሰል ለኩላሊት ተቀባይ ልብና ደም ሥር አደጋ ናቸው። ተቀባዮችን ከረጅም ዓመታት በኋላ ከሚገድሉት መካከል ዋናው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት የደም ግፊት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ላይ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹም ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር። ያልታወቀ ግፊት የሰውየውን ሁለት ኩላሊት አጥፍቶ ወደ ንቅለ ተከላ ያደርሰዋል፤ ካልተገታም የተተከለውን ሦስተኛውንም ያጠፋዋል።

ለጋሹም ከዚሁ ሰፈር ነው። በኢትዮጵያ ለጋሹ ብዙ ጊዜ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ወይም ወላጅ ስለሆነ፣ ከተቀባዩ ጋር አንድ ማዕድ፣ አንድ ጨውና አንድ ውሃ ይጋራል። ለጋሽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ኩላሊት በጤና ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ግፊቱና ሽንቱ በየዓመቱ መታየት አለበት። የተቀባዩን ቀጠሮ ሁሉም ያስታውሳል፤ የለጋሹ ግን በቤተሰብም በማዕከልም በቀላሉ ይረሳል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ለአንድ ሰው ሕይወት የሰጠ ሌላ ሰው ያለክትትል መቅረት የለበትም።

ወደ ንቅለ ተከላ የሚወስደው ጉዞም ውጤቱን ይወስናል። ታማሚው ኩላሊቱን በሳምንት 3 ጊዜ ማሳጠብ ሲገባው ገንዘብ ስላነሰው 2 ጊዜ ብቻ ይታጠባል፤ ደሙ ይጎድልና ደም ይሰጠዋል። እያንዳንዱ የሌላ ሰው ደም ሰውነቱ ለባዕድ ሕብረ ሕዋስ ጸረ አካል እንዲያበጅ ያነሳሳዋል፤ በኋላ የሚስማማ ለጋሽ ማግኘት ይከብደዋል። በአዲስ አበባ መንገዶች በመኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ ለኩላሊት ታማሚ ርዳታ መለመን የተለመደው በዚህ የገንዘብ እጥረት ምክንያት ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ የአካል ንቅለ ተከላንና ከአጣዳፊው በስተቀር የኩላሊት እጥበትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። ዕድርም በባህሉ የሚከፍለው ለሞት እንጂ ለሕመም አይደለም። የፒያሳ ነባር ዕድሮች ግን ከቀብር ያለፈ ዐቅም አላቸው፤ አባሎቻቸውን በስም ያውቃሉ፣ ቤት ለቤት ይደርሳሉ። የቀብሩን ክፍያ ከፊል ለታማሚ አባል መድኃኒት ማዋል ቢፈቅዱ የአንድን ተቀባይ ዕድሜ ያረዝማሉ።

መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው፤ ከውጭ የሚገባ በመሆኑም ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ዋጋው ተነካ። ተቀባይ ለጥቂት ቀናት ታክሮሊመስ ሲያጣ ሕመም ላይሰማው ይችላል፤ ሰውነቱ ግን ኩላሊቱን መግፋት ይጀምራል፣ በላቦራቶሪ ሲታወቅ ጉዳቱ ገብቷል። ስለዚህ መድኃኒት ከፋርማሲ ሲጠፋ ማዕከሉ ቀድሞ እንዲያውቅ የሚያደርግ የስልክ መስመር እንኳ ኩላሊት ያድናል።

የሰፈሩ ጫና በኩላሊት ላይ ብቻ አይደለም። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ከኩላሊቱ ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ በአራዳ ምሥራቅ፣ በቀበና ወገን ባለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ብሌኑ የሚገኘው ከሞተ ሰው ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ መወሰድ አለበት። ኢትዮጵያውያን ሟቻቸውን ቶሎ ይቀብራሉ፤ የሞትን ዜና ቀድሞ የሚሰማውም ዕድር ነው። ስለዚህ ልገሳ የሚሳካው ውሳኔው ከሞት በፊት በቤተሰብና በዕድር ፊት ሲነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከመቶ 1.6 የሚሆነው ሕዝብ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ከመቶ 11.5 ያህሉ በትራኮማ ምክንያት ብሌኑ የጠፋበት መሆኑን አሳይቷል። ትራኮማ የውሃና የንጽሕና ሕመም ስለሆነ፣ ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ ወደሌለበት ቦታ የተመለሰ ሰው አዲሱን ብሌን ለዚያው አደጋ ይመልሰዋል። ዓይኑ ሲቀላ፣ ብርሃን ሲያስጨንቀው ወይም እይታው ሲቀንስ ወዲያው ያልመጣ ተቀባይም ብሌኑን ሊያጣ ይችላል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። የተሻለ ግድግዳ፣ የግል መጸዳጃና መስኮት ያለው ቤት ያገኘ ቤተሰብ የቲቢና የተቅማጥ አደጋው ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሆስፒታሉ ይርቃል፣ የታክሲ ወጪ ይጨምራል፣ ዕድሩ ይበተናል፣ ታማሚውን የሚያውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ይለወጣል። የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ የሚታወቀው ተቀባዮቹ ሲቆጠሩ ነው። ለዚህም በእያንዳንዱ ተቀባይና ለጋሽ ካርድ ላይ ስሙና የደሙ ውጤት ብቻ ሳይሆን የሚኖርበት ወረዳ፣ በክፍሉ የሚያድረው ሰው ብዛት፣ ውሃው የሚመጣበት ቀን፣ በቤቱ የቲቢ ታማሚ መኖር አለመኖሩ፣ ቤት ሲቀይርም የተቀየረበት ቀን መጻፍ ይኖርበታል።